ጠጋኙ ሉዊስ፤ የኤሚሊዮ ዴልጋዶ ሕይወትና ለሕፃናት ትምህርት የተወው ቅርስ

መግቢያ

በማንኛውም ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ሁለት ዓይነት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው በዓላማ መልክ ተዘርዝሮ፣ በክፍለ ጊዜ ተመጥኖና በፈተና ተለክቶ የሚሰጠው ነው። ሁለተኛው በዝርዝሩ ላይ አይሰፍርም። በመማሪያ መጽሐፉ ሥዕል ላይ ሐኪም ሆኖ የቀረበው ማን እንደሆነ፣ በተረቱ ውስጥ ሌባ ተብሎ የሚያዘው የየትኛው ወገን ሰው እንደሆነ፣ በሒሳቡ ምሳሌ ላይ ስሙ የሚጠራው ልጅ የማን ልጅ እንደሆነ ሕፃኑ እየተመለከተ ማንም ሳይነግረው የሚቀስመው ትምህርት ነው። የመጀመሪያው ትምህርት ሲጓደል በፈተና ውጤት ይታወቃል። የሁለተኛው ጉድለት ግን ለብዙ ዓመታት ሳይታወቅ ሊኖር ይችላል። ምክንያቱም ጉዳቱን የሚሸከመው የራሱን ወገን በመጽሐፉ ውስጥ ፈልጎ ያጣው ሕፃን ሲሆን፣ እርሱም አቤት የሚልበት ቦታ የለውም።

ኤሚሊዮ ዴልጋዶ የሜክሲኮ ዝርያ ያለው አሜሪካዊ ተዋናይ ነበር። «ሰሰሚ ስትሪት» በተባለው የአሜሪካ የሕፃናት የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ ከአርባ ዓመታት በላይ ሉዊስ የተባለውን ሰው ሆኖ ተጫውቷል። ሉዊስ በዝግጅቱ ውስጥ የተሰጠው ሙያ መምህርነት አልነበረም፤ የተበላሹ የቤት ዕቃዎችን የሚጠግን ባለሱቅ ነበር። ሆኖም ይህ ጠጋኝ በዝርዝሩ ላይ የማይሰፍረውን ሁለተኛውን ትምህርት ለረጅም ጊዜ ካስተማሩት ሰዎች አንዱ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የተዋናዩን ሕይወትና የሠራበትን ዘመን በአጭሩ በመተረክ፣ ሥራው ለሕፃናት ትምህርት አዘጋጆች ያለውን ትርጉም ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሁለት ከተሞች ልጅ

ዴልጋዶ ሜይ 8 ቀን 1940 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ክፍለ ሀገር፣ ከሜክሲኮ ድንበር ላይ በምትገኘው በካሌክሲኮ ከተማ ተወለደ። ከድንበሩ ወዲያ ፊት ለፊት የምትገኘው የሜክሲኮ ከተማ ሜክሲካሊ ትባላለች። የሁለቱም ከተሞች ስም «ካሊፎርኒያ» እና «ሜክሲኮ» ከሚሉት ቃላት ተቆራርጦ የተገጣጠመ ነው፤ ልዩነቱ የትኛው ቀድሞ የትኛው እንደተከተለ ብቻ ነው። ዴልጋዶ ያደገው በሜክሲካሊ በአያቶቹ ቤት ሲሆን፣ ትምህርቱን ይከታተል የነበረው ግን በየዕለቱ ድንበሩን እየተሻገረ በካሌክሲኮ ነበር። ስለዚህ ገና ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሁለት ቋንቋና ሁለት ባህል ይዞ አደገ። በቤትና በሠፈር ስፓኒሽ፣ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ይናገር ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሊጀምር ሲል ቤተሰቡ በሎስ አንጀለስ አጠገብ ወደምትገኘው ወደ ግሌንዴል ከተማ ተዛወረ።

በልጅነቱ ዘመን በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ ሁለት ቋንቋ መናገር እንደ ሀብት አይቆጠርም ነበር። በካሊፎርኒያ ብዙ ወረዳዎች የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ሕፃናት «የሜክሲኮ ትምህርት ቤት» ተብለው ለብቻ በተለዩ ትምህርት ቤቶች ይማሩ ነበር። በኦሬንጅ አውራጃ የሚኖሩ ሜንዴዝ የተባሉ ቤተሰብና ሌሎች ወላጆች ይህን መለያየት በመቃወም ክስ መሥርተው ካሸነፉ በኋላ፣ ፍርዱ በይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የጸናው በ1947 ዓ.ም. ነበር። ዴልጋዶ ያን ጊዜ ሰባት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ልጅ ነበር። መለያየቱ በሕግ ከተወገደ በኋላም ቢሆን በቋንቋው ላይ የነበረው ጫና ወዲያው አልቀረም። የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ኮሚሽን በ1972 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት እንዳረጋገጠው፣ በደቡብ ምዕራብ በሚገኙ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች በክፍል ውስጥ፣ አንዳንዴም በመጫወቻ ሜዳ ስፓኒሽ እንዳይናገሩ ይከለከሉና ይቀጡ ነበር።

ሕፃኑ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቱ ተመልሶ ቴሌቪዥን ሲከፍት የሚያገኘውም ከዚህ የተሻለ አልነበረም። የሜክሲኮ ሰው በድራማ ላይ የሚታየው በአብዛኛው ሽፍታ፣ ሰነፍ ወይም አገልጋይ ሆኖ ነበር። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ ለበቆሎ ጥብስ ማስታወቂያ ይቀርብ የነበረው «ፍሪቶ ባንዲቶ» የተባለ የካርቱን ሥዕል ነው። ሥዕሉ ጢሙን ያንጨፈረረና ሽጉጥ የታጠቀ ሜክሲኳዊ ሽፍታ የሰዎችን ምግብ ሲዘርፍ የሚያሳይ ሲሆን፣ ዋነኛ ተመልካቾቹም ሕፃናት ነበሩ። የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ማኅበራት ባሰሙት ብርቱ ተቃውሞ ምክንያት ማስታወቂያው የቀረው በ1971 ዓ.ም. አካባቢ ነው።

የ1968 ዓ.ም. ለውጥ

ለዴልጋዶም ሆነ ለወገኖቹ 1968 ዓ.ም. የለውጥ ዓመት ሆነ። በጃንዋሪ ወር የአሜሪካ መንግሥት በሁለት ቋንቋ የሚሰጥ ትምህርትን ለመደገፍ የመጀመሪያውን ሕግ አጸደቀ። በማርች ወር ደግሞ በምሥራቅ ሎስ አንጀለስ በሺህ የሚቆጠሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ትምህርታቸውን አቋርጠው ለሰልፍ ወጡ። ጥያቄያቸው የሥርዓተ ትምህርት ጥያቄ ነበር፤ ይኸውም የወገኖቻቸው ታሪክ በመጽሐፍ ይካተት፣ ቋንቋችንን የሚያውቁ መምህራን ይመደቡልን፣ ስፓኒሽ በመናገራችን አንቀጣ የሚል ነበር።

በዚያው ዓመት በሎስ አንጀለስ የሚገኝ ኬሲኢቲ የተባለ የትምህርት ቴሌቪዥን ጣቢያ «ካንሲዮን ዴ ላ ራሳ» የተሰኘ ተከታታይ ድራማ ማሰራጨት ጀመረ። ድራማው ስለ አንድ የሜክሲኮ ዝርያ ያለው ቤተሰብ ኑሮ የሚተርክ ሆኖ፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ሥራና ስለ ጤና ለሕዝቡ ግንዛቤ እንዲሰጥ የታቀደ ነበር። ዴልጋዶ በሙያው ሥራ የጀመረው በዚህ ድራማ ነው። ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት ሥራ ፈልጎ ያገኘው እጅግ ጥቂት ነበር፤ ለእርሱ ዓይነት ሰው ይቀርብ የነበረው ሚና ከላይ የተገለጸው የሽፍታ ሚና ስለነበር ነው። በሌላ አነጋገር የተዋናዩን በር የከፈተለት የመዝናኛው ኢንዱስትሪ ሳይሆን የትምህርት ቴሌቪዥን ነው።

የ«ሰሰሚ ስትሪት» አመሠራረት

«ሰሰሚ ስትሪት» ኖቬምበር 10 ቀን 1969 ዓ.ም. ሥርጭቱን ጀመረ። ሐሳቡ የመነጨው ጆን ጋንዝ ኩኒ ከተባለች የቴሌቪዥን አዘጋጅና ሎይድ ሞሪሴት ከተባለ የሥነ ልቦና ምሁር ነው። ድርጅቱ ከፌዴራል መንግሥትና እንደ ካርኔጊና ፎርድ ካሉ የበጎ አድራጎት ተቋማት ባገኘው ስምንት ሚሊዮን ዶላር ያህል ገንዘብ ተቋቋመ። ዓላማው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ሕፃናት፣ በተለይም የድሃ ቤተሰብ ልጆችን፣ ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት ፊደልን፣ ቁጥርንና የማገናዘብ ችሎታን ማለማመድ ነበር።

ዝግጅቱን ከሌሎች የለየው የአሠራሩ ስልት ነው። የቴሌቪዥን አዘጋጆች፣ የትምህርት ባለሙያዎችና ተመራማሪዎች ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር። ኤድዋርድ ፓልመር የተባለው ተመራማሪ በተለማው የመፈተኛ ዘዴ፣ ሕፃኑ ዝግጅቱን ሲመለከት ከቴሌቪዥኑ አጠገብ በሌላ ሰሌዳ ላይ በየሰባት ሰከንድ ተኩል የሚለዋወጥ ሥዕል ይታያል። የሕፃኑ ዓይን ወደ ሥዕሉ የሸሸበት የዝግጅቱ ክፍል ደካማ ነው ተብሎ እንዲሻሻል ይደረግ ነበር።

መድረኩ የታወቀ የከተማ ሠፈር ነበር። በቤቶቹ ደጃፍ ጥቁርና ነጭ ጎረቤታሞች፣ ጂም ሄንሰን ከሠራቸው አሻንጉሊቶች ጋር እኩል ተቀምጠው ይጫወታሉ። ይህ ራሱ ትምህርት መሆኑን ከሁሉ በፊት የተረዱት ተቃዋሚዎቹ ናቸው ማለት ይቻላል። በ1970 ዓ.ም. የሚሲሲፒ ክፍለ ሀገር የትምህርት ቴሌቪዥን ኮሚሽን ጥቁሮችና ነጮች አብረው የሚታዩበት ዝግጅት ነው በሚል ምክንያት ሥርጭቱን ከለከለ። እገዳው የተነሣው ከሦስት ሳምንታት በኋላ በሕዝብ ቁጣ ነው። የከለከሉት ሰዎች ፊደሉንና ቁጥሩን አልተቃወሙም፤ የተቃወሙት በደጃፉ ላይ ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ ነበር።

ይሁንና ዝግጅቱ ራሱ ጉድለት ነበረበት። በመጀመሪያው ዓመት በሠፈሩ ውስጥ ስፓኒሽ ተናጋሪ ጎረቤት አልነበረም። የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው ወላጆች፣ መምህራንና የማኅበረሰብ ተወካዮች ይህንን አጥብቀው ተቹ። የድርጅቱ ኃላፊዎች ትችቱን ተቀብለው አማካሪዎችን ሰበሰቡ፤ በስፓኒሽ የሚቀርቡ ክፍሎችንም ጨመሩ። በ1971 ዓ.ም. ደግሞ ዴልጋዶን ከካሊፎርኒያ፣ የፖርቶ ሪኮ ዝርያ ያላትን ሶንያ ማንዛኖን ከኒው ዮርክ አምጥተው በቋሚ ተዋናይነት አሰለፉ። በዚህም ሽፍታው ከማስታወቂያ በወጣበት ጊዜ አካባቢ ጠጋኙ ወደ ሠፈሩ ገባ።

የጥገናው ሱቅ

ሉዊስ በመጀመሪያ ራውል ጁሊያ ከሚጫወተው ከራፋኤል ጋር በሽርክና የጥገና ሱቅ ከፈተ። ራፋኤል ከአንድ የሥርጭት ዘመን በኋላ ሲሰናበት ሉዊስ ሱቁን ይዞ ቀጠለ። ወደ ሱቁ ሬድዮ፣ ሰዓት፣ የልጆች መጫወቻ፣ ከሁሉ ይልቅ ግን የዳቦ መጥበሻ ይመጣል። ሉዊስ ዕቃውን ይፈታል፣ ብልሽቱን ይፈልጋል፣ ምክንያቱን ለልጆቹ ያስረዳል፣ መልሶም ይገጥማል። አንዳንዴ ጊታሩን አንሥቶ በስፓኒሽ ይዘፍናል።

ይህ ሚና ተራ መስሎ ቢታይም በጥንቃቄ ሊመረመር ይገባዋል። በመጀመሪያ ሉዊስ በእጁ ሠርቶ የሚኖር የሱቅ ባለቤት ነው፤ ጎረቤቶቹ የሚፈልጉት ዕውቀት አለው። በሁለተኛ ደረጃ ሁለት ቋንቋ መናገሩ እንደ ችግር አይታይም፤ ቃሉን በአንዱ ብሎ በሌላው ሲደግመው ልጆቹ አዲስ ነገር ያገኛሉ እንጂ አይስቁበትም። በሦስተኛ ደረጃ፣ ይህም ዋነኛው ነው፣ ሉዊስ በየዕለቱ ስለ ሜክሲኮ እንዲናገር አይጠየቅም። አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ተበላሸው ዕቃ ነው። ወገኑን በበዓል ቀን ብቻ የሚያስታውስ መጽሐፍ ለሕፃኑ «አንተ እንግዳ ነህ» ይለዋል። ወገኑ በአዘቦት ቀን መፍቻ ይዞ ሲሠራ የሚያሳየው ግን «አንተ የዚህ ሠፈር ሰው ነህ» ይለዋል።

በዚህ ዘመን የነበረው የጎልማሶች ቴሌቪዥን ለዴልጋዶ ያን ያህል ሰፊ ቦታ ባይሰጠውም፣ «ሉ ግራንት» በተባለው ድራማ ውስጥ በጋዜጣ ክፍል የሚሠራ አዘጋጅ ሆኖ ተጫውቷል። ዘላቂው ቤቱ ግን የጥገናው ሱቅ ነበር።

ሞት፣ ጋብቻና ልደት

ዓመታት ሲያልፉ ሉዊስ ከዕቃ ጥገና የከበዱ ትምህርቶች ተካፋይ ሆነ። በዝግጅቱ ውስጥ ሚስተር ሁፐር የተባለውን ባለሱቅ ሆኖ የሚጫወተው ዊል ሊ በ1982 ዓ.ም. መጨረሻ ሲሞት፣ አዘጋጆቹ የሠፈሩን ሰው በሌላ ተዋናይ ከመተካት ወይም ሩቅ አገር ሄዷል ከማለት ይልቅ እውነቱን ለሕፃናት ለመንገር ወሰኑ። የሥነ ልቦና ባለሙያዎችን አማክረው ቃላቱን በጥንቃቄ መረጡ። ሕፃናት ሕመምን፣ ሆስፒታልን ወይም እንቅልፍን እንዳይፈሩ በማለት ሞቱን ከእነዚህ ጋር ከማያያዝ ተቆጠቡ። ኖቬምበር 24 ቀን 1983 ዓ.ም. በተላለፈው በዚህ ዝግጅት፣ ቢግ በርድ የተባለው ግዙፍ ቢጫ ወፍ ሟቹ እንደማይመለስ ሲነገረው ከበው ካጽናኑት የሠፈሩ ጎልማሶች አንዱ ሉዊስ ነበር። ጎልማሳ ሰው፣ ያውም ወንድ፣ በሕፃናት ፊት ሐዘኑን ሳይደብቅ መታየቱ በዘመኑ እምብዛም ያልተለመደ ነገር ነበር።

በ1988 ዓ.ም. ሉዊስ ማንዛኖ የምትጫወታትን ማሪያን አገባ። በተከታዩ ዓመት ጋቢ የተባለች ሴት ልጅ ወለዱ። የማሪያ እርግዝና የተዋናይቷ የራሷ እርግዝና ነበር። አዘጋጆቹ ስለ ፍቅር፣ ስለ ጋብቻና ስለ ልጅ መወለድ ለሕፃናት የሚሰጠውን ትምህርት ግብ አስቀድመው ያወጡ ሲሆን፣ ለዚህም የመረጡት የሉዊስንና የማሪያን ቤተሰብ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ስፓኒሽ ተናጋሪ ጎረቤት ባልነበረው ሠፈር ውስጥ፣ ለአገሪቱ ሕፃናት ሁሉ «ቤተሰብ» የሚለውን ቃል ያስረዳው የስፓኒሽ ተናጋሪዎች ቤት ሆነ።

የሚለካውና የማይለካው

የ«ሰሰሚ ስትሪት» ውጤት ብዙ ጊዜ ተጠንቷል። የትምህርት ፈተና አገልግሎት ድርጅት በ1970 ዓ.ም. ባወጣው የመጀመሪያ ግምገማ ከ900 በላይ ሕፃናት የተፈተኑ ሲሆን፣ ዝግጅቱን አብዝተው የተመለከቱት ይበልጥ እንደተማሩ ታውቋል። በ1975 ዓ.ም. ቶማስ ኩክና የሥራ ባልደረቦቹ ያንኑ ማስረጃ እንደገና መርምረው፣ ከውጤቱ ከፊሉ ቤተሰቦች ዝግጅቱን እንዲያሳዩ በተደረገላቸው ማበረታቻ የመጣ መሆኑን፣ በሀብታምና በድሃ ልጆች መካከል ያለውን ልዩነትም ዝግጅቱ ብቻውን እንደማያጠብ አስጠነቀቁ። በ2013 ዓ.ም. የታተመ፣ በ15 አገሮች ከ10,000 በላይ ሕፃናትን ያካተቱ ጥናቶችን ያጠቃለለ ምርምር ግን ዝግጅቱ በዕውቀትም ሆነ በማኅበራዊ አመለካከት ረገድ በጎ ውጤት እንዳለው አሳይቷል።

እነዚህ ጥናቶች የመዘኑት ዝግጅቱን በጥቅሉ እንጂ ሉዊስን ለብቻው አይደለም። ወደ ጉዳዩ ይበልጥ የሚቀርበው ጎርን፣ ጎልድበርግና ካኑንጎ የተባሉ ተመራማሪዎች በካናዳ ያደረጉት ጥናት ነው። በ1976 ዓ.ም. እንደታተመው ከሆነ፣ ነጭ ያልሆኑ ልጆች የሚታዩባቸውን የ«ሰሰሚ ስትሪት» ቁርጥራጭ ፊልሞች የተመለከቱ ነጭ ሕፃናት፣ ካልተመለከቱት ይልቅ ከእነዚያ ልጆች ጋር ለመጫወት መረጡ። በ1979 ዓ.ም. የወጣው ተከታይ ጥናት ግን ፈተናው በማግስቱ ሲሰጥ ውጤቱ እንዳልጸና አመለከተ።

እነዚህ ሁለት ጥናቶች አንድ ላይ ሲነበቡ የዴልጋዶን ሥራ ምንነት ያስረዳሉ። አንድ ጊዜ የታየ ሥዕል የሕፃኑን ልብ ይነካል፤ ነገር ግን በማግስቱ ይደበዝዛል። ልማድን የሚተክለው መደጋገም ነው። ፊደል በአንድ ቀን እንደማይጠና ሁሉ፣ ለሰው ያለን አመለካከትም በአንድ ሥዕል አይለወጥም። ሉዊስ ግን በየሳምንቱ በተለመደው ቦታው ይገኝ ነበር። በልጅነቱ ያየው ሰው አድጎ የራሱን ልጅ ቴሌቪዥን ፊት ሲያስቀምጥ ያንኑ ሰው ጠጉሩ ሸብቶ፣ አሁንም ሲጠግን ያገኘዋል።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

በ2016 ዓ.ም. የዝግጅቱ ባለቤት ድርጅት ዴልጋዶን ጨምሮ ሦስት አንጋፋ ተዋናዮችን ከቋሚ ሥራቸው ማሰናበቱ ሲሰማ፣ በዝግጅቱ ያደጉ ብዙ ተመልካቾች ቅሬታቸውን ገለጹ። ድርጅቱ ተዋናዮቹ በሕዝባዊ በዓላትና ስብሰባዎች ላይ እንደሚወክሉት ቢገልጽም፣ የጥገናው ሱቅ ሰው ከሠፈሩ ወጣ። እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር መታዘብ ይገባል። የቋሚነት ዋጋ ለአዘጋጆች የሚታያቸው ብዙ ጊዜ ከተቋረጠ በኋላ ነው።

ዴልጋዶ ግን ሥራውን አላቆመም። «ፒንክ ማርቲኒ» ከተባለው የሙዚቃ ጓድ ጋር እየተዘዋወረ ዘፈነ። በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ኦክታቪዮ ሶሊስ በደረሰው «ኪኾቴ ኑዌቮ» በተሰኘው ቲያትር ላይ ዋናውን ሚና ያዘ። ቲያትሩ ጥንታዊውን የዶን ኪኾቴን ታሪክ ወደ ቴክሳስና ሜክሲኮ ድንበር ያመጣ ሲሆን፣ ዋናው ባለታሪክ አእምሮው እየደከመ የሄደ የቀድሞ መምህር ነው። በድንበር ላይ የተወለደው ተዋናይ በሸመገለ ጊዜ ተመልሶ የድንበር ሰው ሆኖ ተጫወተ። በ2021 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ከተማ ከንቲባ አንድ ቀን በስሙ እንዲሰየም አደረገ። ዴልጋዶ ማርች 10 ቀን 2022 ዓ.ም. በ81 ዓመቱ በኒው ዮርክ በካንሰር ሕመም ሞተ።

መደምደሚያ

ከዴልጋዶ ሕይወት የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጅ ሦስት ነገሮችን ሊያስተውል ይችላል። አንደኛ፣ ለሕፃናት የሚቀርበው ሰው ማንነት የትምህርቱ ማስጌጫ ሳይሆን የትምህርቱ አካል ነው። ስለዚህ በመጽሐፍም ሆነ በሥርጭት ላይ ማን፣ ምን ሲሠራ ይታያል የሚለው ጥያቄ ዓላማ በሚነደፍበት ጊዜ እንጂ ሥዕል በሚሣልበት ጊዜ ብቻ ሊነሣ አይገባም። ሁለተኛ፣ ይህ ትምህርት ሥር የሚይዘው በመደጋገምና በአዘቦት መልክ ሲቀርብ ነው፤ በዓመት አንድ ቀን የሚከበር ባህል የዕለት ተዕለት መገኘትን አይተካም። ሦስተኛ፣ ጉድለቱ የታወቀው በአዘጋጆቹ ጥናት ብቻ አልነበረም። ሕፃናትን ፊት ለፊት አስቀምጦ ዓይናቸው ወዴት እንደሚሸሽ በየሰባት ሰከንድ ተኩል የሚለካው ስልት፣ በሥዕሉ ውስጥ የሌለውን ጎረቤት ሊያሳይ አልቻለም። ያሳዩት ወላጆችና መምህራን ናቸው። ከዚህ የምንረዳው፣ የተሟላ የምርምር ክፍል ያለው ድርጅት እንኳ የሕዝቡን አቤቱታ ማዳመጥ እንደሚያስፈልገው ነው።

ኤሚሊዮ ዴልጋዶ ድንበር እየተሻገረ በተማረበት ጊዜ በትምህርት ቤቱ መጽሐፍም ሆነ በዘመኑ ፊልም ራሱን የሚመስል ሰው በክብር ሲሠራ ማየት ብርቅ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡት የድንበር ከተማ ልጆች ግን አንድ ሰው አገኙ፤ ስሙ የእነርሱ ዓይነት ስም፣ ቋንቋው የቤታቸው ቋንቋ የሆነ፣ የተበላሸውን ዕቃ ፈትቶ የሚገጥም ሰው። ይህ በየትኛውም የፈተና ወረቀት ላይ ያልተጠየቀ ትምህርት ነው፤ ቢሆንም በአራት አሥርት ዓመታት ውስጥ ያየው ሕፃን ሁሉ ተምሮታል።